በግብዣ ብቻ ስለሚሰጥ የአየር መንገድ ደንበኝነት

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሸባ ማይልስን ጨምሮ ተመላላሽ ተጓዦችን በደረጃ የሚሸልሙ አብዛኞቹ የአየር መንገድ የደንበኞች መርሐ ግብሮች ለብር፣ ለወርቅና ለፕላቲነም ደረጃ የሚያበቃውን መስፈርት በግልጽ ያስታውቃሉ። በአሜሪካ ግን ከእነዚህ በላይ እንደ ዩናይትድ ግሎባል ሰርቪስስና እንደ አሜሪካን ኤርላይንስ ኮንሲየርጅ ኪ ያሉ፣ ማመልከቻ የማይቀርብባቸው፣ በግብዣ ብቻ የሚሰጡ ደረጃዎች አሉ። የዓመታዊ ግብዣቸው መስፈርት አይገለጽም፤ ተጓዦች እንደሚገምቱት ከበረራ ብዛት ይልቅ ለውድ ቲኬት የሚወጣው ገንዘብ ይመዝናል፤ የድርጅታቸውን የጉዞ በጀት የሚወስኑ ኃላፊዎችም፣ ራሳቸው እምብዛም ባይበሩ እንኳ፣ ይጋበዛሉ ይባላል።

የምስጢሩ ጥቅም አይጠፋኝም፦ ቁጥሩ ቢታወቅ ደንበኛው እዚያ እንደደረሰ ወጪውን ያቆማል፣ ያልተጋበዘውም ይሟገታል። ሆኖም አምና ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን በመኪና ሲወሰድ የነበረ ሰው (ይህም ከጥቅሞቹ አንዱ ነው) ዘንድሮ ግብዣው ሳይመጣለት ቢቀር የጎደለውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ቢያንስ ለዚህ ሰው ምክንያቱን መንገር ተገቢ ይመስለኛል።

በራሱ ገንዘብ፣ በኢኮኖሚ መቀመጫ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ለሚመላለስ ወገኔ ግን ይህን ግብዣ መጠበቅ አያዋጣውም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታር አሊያንስ የተባለው የአየር መንገዶች ጥምረት አባል በመሆኑ፣ ተጨማሪ ሻንጣና በአውሮፕላን ጣቢያ የእንግዳ ማረፊያ ክፍል የሚያስገኘውን የጥምረቱን የወርቅ ደረጃ በታወቀ መስፈርት ማግኘት ይችላል።

አንድ አንባቢ፣ ከሜሪላንድ