ከዛፍ ቆጣሪዋ ጓደኛሽ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እኅቴ ሰብለ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። እንደምን ሰንብተሻል? የእትዬ በላይነሽስ ጉልበት ተሻላቸው ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከተጠፋፋን አምስት ዓመት ሊሞላን ነው፤ ጥፋቱም የእኔ መሆኑን ሳልሸፋፍን እናገራለሁ። ሁለታችንም ሕክምና እንማራለን ተባብለን አብረን ስናጠና ከርመን፣ አንቺ የተመኘሽው ሲደርስሽ እኔ ባዮሎጂ ተመደብሁ፤ ቀጥዬም ለሁለተኛ ዲግሪ ሥነ ምኅዳርና የተፈጥሮ ጥበቃን መረጥሁ። ያን ጊዜ «ዛፍ ለመቁጠርም ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል እንዴ?» ብለሽ የቀለድሽው ከአንጀቴ ገብቶ ቀረ። ክፋት እንደሌለበት አውቅ ነበር፤ ነገር ግን መልስ ስላጣሁለት ዝም አልሁ፤ ዝምታውም እያደር ለመስበር የሚያሳፍር ሆነብኝ። አሁን መልሱን ያገኘሁ ስለሚመስለኝ እጽፍልሻለሁ።

ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥሁት በልጅነታችን አጋም እየለቀምን አፋችንን ያጠቆርንበትን የደብራችንን ደን ነው። አሥር ሜትር በአሥር ሜትር የሆነ ካሬ በሲባጎ እንከልላለን፤ በውስጡ ያለውን ዛፍ ሁሉ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብለን ዙሪያውን እንለካለን፤ ስሙን ያላወቅነውን ቅጠል በአሮጌ ጋዜጣ መካከል አድርገን እንጫነዋለን። የምንጽፈውም በእርሳስ ነው፤ የእስክርቢቶውን ቀለም የጠዋት ጤዛ ያጥበዋልና። እስከዚህ ድረስ ቀልድሽ ያስኬዳል፤ ማንም ሊቆጥረው ይችላል። ጭንቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነችውን ትንሿን ካሬ ከልለሽ፣ የረገፈውን ቅጠል በጣትሽ እየገለጥሽ ቡቃያ ስትፈልጊ ነው። በመጀመሪያው ቀን ሁለታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን ልናቅፋት እንሞክር ከነበረችው ወይራ ሥር ተንበርክኬ ፈለግሁ። የከብት ኮቴ የደለደለው አፈር፣ የፍየል በጠጥና የጧፍ ቁራጭ አገኘሁ እንጂ አንድም የወይራ ልጅ አላገኘሁም። ቅጹ ላይ ዜሮ ጻፍሁ። በሚቀጥለውም ዜሮ። ስምንተኛው ላይ ስደርስ የተሳሳትሁ መስሎኝ ወደ መጀመሪያው ተመልሼ እንደገና ፈለግሁ።

ከሩቅ ለሚያየው ደኑ አረንጓዴ ነው፤ ዙሪያው እርሻ ስለሆነም ይበልጥ ያምራል። አንቺ በልቦለዶቹ የምታውቂው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በእኛው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንቶ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል፤ በ2007 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ ዶክትሬቱን የያዘውም በዚሁ ሥራ ነው። ቁጥሩን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ስለ አፈሩ የተጻፈውን ሳነብ ግን ደስታዬ ቀነሰ። ከደኑ አፈር ተወስዶ ውኃ ሲጠጣ በብዛት የሚበቅለው ሣርና አረም ነው፤ የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር መሬት ውስጥ ተቀብሮ ብዙ ዘመን አይጠብቅም። እናትየዋ ከወደቀች ዘሯም አብሯት ይሄዳል ማለት ነው። መልካሙ ነገር ከብት የማይገባበት ቦታ ላይ ቡቃያው እንደሚበረክት ያው ጥናቶቹ ማሳየታቸው ነው።

ይህንኑ ለቄሰ ገበዙ ነገርኋቸው። «ልጄ፣ እዚህ ደን መጥረቢያ ይዞ የገባ ሰው የለም» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። «ጥጃስ፣ አባ?» አልኋቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ጥቂት አሰቡና፣ «ጥጃማ የእኔም አለ» ብለው ሳቁ። እኔ ከዚያ ሁሉ ንባብ ይልቅ ነገሩ ቁልጭ ብሎ የታየኝ ያን ጊዜ ነው፦ መጥረቢያ ውግዝ ሆኖ ደኑን ለዘመናት አቆይቶታል፤ ጥጃን ግን ያወገዘው የለም። የክፍል ጓደኞቼ ጥፋቱን ሁሉ በባሕር ዛፍ ያሳብባሉ፤ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ይህ ዛፍ ማገሩንና ማገዶውን ባይችልልን ኖሮ ወይራው እስካሁን የሚተርፍ አይመስለኝም።

(ይህን ስጽፍ አንድ የሚያስቅሽ ነገር ትዝ አለኝ። ከመምህራችን ጋር ወደ ጣና ወርደን ክብራን ገብርኤል ስንደርስ፣ ገዳሙ ሴት ስለማያስገባ ወንዶቹ ሊለኩ ሲገቡ እኛ ጀልባ ላይ ቀረን። የሞሉትን ቅጽ ስናየው ግማሹን ዛፍ «ያልታወቀ» ብለውት ነበር።)

የምርምሩ ገንዘብ የተለቀቀው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ የፈረመው ቢሮ ዝናብ መቼ እንደሚዘንብ የሚያውቅ አልመሰለኝም። ስለዚህ ባለፈው ሰኔ ከሰበካ ጉባኤው አስፈቅጄ፣ ከኪሴ ከፍዬ፣ ሁለት ቦታ በድንጋይ ካብና በአጋም እሾህ አሳጠርሁ። አንደኛው ካብ በመስቀል ሰሞን ተንዶ ከብት ገባበትና ባዶ ሆነ። በሁለተኛው ውስጥ በጥቅምት ሰባት የወይራ ቡቃያ ቆጠርሁ፤ ቁመታቸው ከጣቴ አይበልጥም። ባለፈው ወር ስመለስ አራቱ በጋውን ተሻግረው ቆይተውኛል። ከማዋለጃ ክፍል ለምትውይ ለአንቺ አራት ከሰባት ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ቄሰ ገበዙ ጥጃቸውን ማሰር ጀምረዋል፤ የጎረቤቶቻቸውን ግን ገና አላሳመኑም።

የሚቀጥለው ቆጠራ ለቡሄ ነው፤ አንቺም ፈቃድ ካገኘሽ ለደብረ ታቦር በዓል ወደ አገር ቤት መምጣትሽ አይቀርም። ከበዓሉ ማግስት በጠዋት እንሂድ፤ እኔ ሲባጎውን እይዛለሁ፣ አንቺ ትቆጥሪያለሽ። የማያንሸራትት ጫማ አድርጊ፤ የነሐሴ ጭቃ አይጣል ነው።

እትዬን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ።

የማትረሳሽ፣
ጓደኛሽ