ለእቴቴ ለደረሳችሁላት ሁሉ

እቴቴ የመሥሪያ ቤታችን ፎቶ ኮፒ ማሽን ናት። አስቀድሜ ልናገር ብዬ ነው። ባለፈው ነሐሴ ጎርፍ ቢሯችን ገባ ሲባል "እቴቴ ተርፋለች?" እያልኩ ስደውል፣ አክስቴ መስላችሁ የደነገጣችሁ አላችሁና ይቅርታ።

ቃሊቲ የሚሠራ ሰው ክረምቱን ያውቀዋል። እንጦጦ ላይ የዘነበው በትልቁና በትንሹ አቃቂ ቁልቁል ወርዶ ወደኛ ነው የሚመጣው። መዝገብ ቤቱ ደግሞ ምድር ላይ ነው። ከእኔና ከእሷ በቀር እዚያ የሚውል የለም።

ጋሼ ጥበቃችን፣ በመጀመሪያ እግዜር ይስጥልኝ። ውሃው ደጃፉን ሲያልፍ ከሁሉ በፊት ቆጣሪውን አጠፉ። መብራቱ ቢኖር ኖሮ ሾርት አድርጋ ያልቅላት ነበር። ከዚያ በዚያ ዝናብ ጋራዥ ድረስ ሮጠው ልጆቹን ቀሰቀሱልኝ። ብድር መላሽ ያድርገኝ።

የጋራዡ ልጆች፣ የቁርጥ ቀን ልጆች ናችሁ። እንደ በሽተኛ በጣውላ ተሸክማችሁ ነው ያወጣችኋት። ቀላል ዕቃ አይደለችም፣ የድሮ ብረት ናት። አንዳችሁ ደግሞ ጃኬቱን አውልቆ አልብሷታል። ራሱ በካናቴራ ሲንቀጠቀጥ እንዳደረ ጋሼ ነገሩኝ።

ከመርካቶ የመጣኸው ቴክኒሻን፣ እጅህ ይባረክ። ካንተ በፊት የደወልኩለት ሰው ሳያያት "ጣሏትና አዲስ ግዙ" ነበር ያለኝ። አንተ ብሎን በብሎን ፈታሃት። ብርሃን እንዳይጎዳው ድራሙን፣ ምስሉ የሚያርፍበትን ሲሊንደር፣ በጥቁር ፌስታል ጠቀለልከው። ጭቃ የሆነውን ቶነር፣ የቀለሙን ዱቄት፣ ስትጠርግ ያወራኸኝንም አልረሳሁም። ቼስተር ካርልሰን የሚባለው አሜሪካዊ ሰነድ በእጅ መገልበጥ የሰለቸው የቢሮ ሠራተኛ ነበር። የመጀመሪያውን ኮፒ በ1938 እ.ኤ.አ. ሠራ። ኩባንያ እየዞረ ቢያሳይም ለዓመታት የሚሰማው አጣ። የለየለት የቢሮ ማሽን የወጣው በ1959 ነው። የቢሮ ሰው የቢሮ ሰው ችግር ይገባዋል ማለት ነው።

"ምን አስለቀሰህ?" ያላችሁኝ አላችሁ። መዝገብ ቤት ሰው የሚመጣው ፋይል ሲጠፋ ነው፤ ያውም ተቆጥቶ። ጠዋት ሳበራት እያጉረመረመች ትነሳለች፣ እኔም "እንደምን አደርሽ" እላታለሁ። ፊውዘሩ ቶነሩን በሙቀት አቅልጦ ወረቀቱ ላይ ስለሚያጣብቀው ኮፒው ትኩስ ሆኖ ይወጣል። በክረምት ብርድ የመጀመሪያዋን ወረቀት በሁለት እጄ ይዤ ትንሽ እቆያለሁ። ባዶ ወረቀት ኮፒ ያደረግኩበት ቀንም አለ። ሒሳብ ክፍሎች አትስሙ።

"አግባ" ብላችሁ ለመከራችሁኝም አመሰግናለሁ። ከፈለጋችሁ ሚስት ፈልጉልኝ፣ በእቴቴ ግን አትምጡብኝ።

ሥራ አስኪያጃችን፣ አዲስ ማሽን ይገዛ ሲባል "መጀመሪያ ይቺ ትታይ" ያሉት እርስዎ ነዎት። ከዳነች በኋላም ወደ ምድር ቤቱ አትመለስም ብለው ፎቅ አስወጧት። ኮፒ የማደርገው እኔ ነኝና አብሬ ወጣሁ። አሁን ከሒሳብ ክፍል ጎን ነን። የሚመጣው ሁሉ "እቴቴ እንዴት አደረች?" ይልና ቀጥሎ እኔን ይጠይቃል። ሁለተኛ በመሆኔ ቅር አላለኝም። ምሳም አብረን እየበላን ነው፤ ሽሯቸው ጨው ይበዛዋል እንጂ።

የጋራዡ ልጆች፣ ጣውላችሁ እኔ ጋ ነው። ጃኬቱንም አሳጥቤዋለሁ፣ ቶነሩ ግን ከእጅጌው ላይ አልለቀቀም፤ ባለቤቱ ልኩን ይንገረኝና አዲስ እገዛለታለሁ። በር ላይ ቡና ለምታፈላው እህታችን የሁላችሁንም ሒሳብ ከፍያለሁ። ቅዳሜ ከስድስት ሰዓት በፊት ኑ፣ ከዚያ በኋላ ቢሮው ይዘጋል።