ለሱቅ በር ሲባል የሚናድ ግድግዳ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከደብረ ብርሃን ነው። ሥራዬ ፎርማንነት ነው፤ ከግንበኝነት ተነስቼ ነው እዚህ የደረስኩት። ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ስትጽፉ፣ ስለ ሲሚንቶ ዋጋ ስትጽፉ አነባለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን ማንም ሲጽፍ አላየሁም። ሰው እየኖረበት ያለን ቤት፣ ጣሪያው ከላይ እንደተጫነ፣ ልጆች ጓዳ ተኝተው፣ ግድግዳውን ከሥሩ ስለማውጣት።

ዋናውን መንገድ ይዛችሁ ከጠባሴ ወደ መሀል ከተማ ብትሄዱ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። መኖሪያ የነበረው ሁሉ ሱቅ ሆኗል። እኔ አልፈርድም። ከተማዋ አድጋለች፣ ፋብሪካው በዝቷል፣ ኪራይ ፈላጊው ብዙ ነው፣ የጡረታ ብር ደግሞ ከወር ወር አያደርስም። ደላላው ይመጣና "ፊት ለፊቱን ክፈቱት፣ ላሜራ በር ግጠሙበት፣ ኪራዩን እጥፍ አደርግላችኋለሁ" ይላል። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ግንበኛ ሁለት የቀን ሠራተኛ፣ መዶሻና ዲጂኖ ይዞ ይመጣል። ለምን ቅዳሜ እንደሆነ ታውቁታላችሁ፤ ተቆጣጣሪ ቢሮ አይገባም። እሁድ ማታ በሩ ቆሟል፣ ሰኞ ዘይትና ስኳር ተደርድሯል። በመሀል ግን ያ ግድግዳ ምን ተሸክሞ እንደነበር የጠየቀ ሰው የለም። ደላላው አይጠይቅም፣ ተከራዩ አይጠይቅም፣ ግንበኛው ደግሞ ሥራው እንዳያመልጠው ዝም ይላል።

በእኛ አካባቢ ድሮ የተሠራው የድንጋይ ቤት፣ መንዝም ሂዱ አንኮበርም ሂዱ፣ ኮለን፣ ማለትም የአርማታ ምሰሶ፣ የሚባል ነገር የለውም። ጣሪያውን የያዘው ግድግዳው ራሱ ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ አንዳንዱ ከዚያም ይበልጣል፤ ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ነው። ጭቃ እንደ ሲሚንቶ አይነክስም። ድንጋዩ በቦታው የሚቆየው ከላይ ያለው ክብደት ስለሚጫነውና ከጎን ያለው ድንጋይ ስለሚገፋው ነው። መሀሉን ስታወጡ የሁለቱም ጎን ድንጋይ ወደ ክፍቱ መምጣት ይጀምራል። ወዲያው ላይሆን ይችላል። በክረምት ጭቃው ውሃ ሲጠጣ ይሆናል።

እስቲ በኩንታል እናስበው፣ እሱ ለሁላችንም ይገባናል። አንድ ሜትር ኩብ የድንጋይ ግንብ 24 ኩንታል ገደማ ይመዝናል፣ ድንጋዩ ጥቁር ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። 3 ሜትር ስፋት ያለው የሱቅ በር ከፈታችሁ፣ ከበሩ በላይ አንድ ሜትር ግንብ ቀረ፣ ውፍረቱ ግማሽ ሜትር ነው እንበል። 35 ኩንታል አልፎ የሚሄድ ድንጋይ ደንበኛው ቆሞ ሳሙና በሚጠይቅበት አናት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ጣሪያውን ገና አልቆጠርኩም። ይህን ሁሉ እንዲይዝ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ምን መሰላችሁ? ሁለት የባሕር ዛፍ እንጨት፣ እሱም እርጥብ፣ ጫፉ ድንጋዩ ላይ ጣት በምታህል ስፋት ብቻ ያረፈ።

የአንዲት እናትን ቤት አይቼ እንድነግራቸው ልጃቸው ጠርቶኝ ሄድኩ። ቆርቆሮው ከተሸከሙት እንጨቶች ግማሾቹ ያረፉት ሊፈርስ የታሰበው ግድግዳ ላይ ነው። ነገርኳቸው።

"አንተ ልጅ፣ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ካሠራው ሠላሳ ዓመት ቆሟል፤ አሁን በአንድ በር ይወድቃል?" አሉኝ።

"እማማ፣ ሠላሳ ዓመት የቆመው እኮ በሩ ስላልነበረ ነው።"

ሳቁ፣ ቡናም አጠጡኝ፣ ከዚያ ሌላ ግንበኛ ጠርተው አስከፈቱት። ክረምቱ ሳይወጣ ከበሩ ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ ወደ ጣሪያ የሚሄድ ስንጥቅ መጣ። የጓዳው በር አልዘጋ አለ። ተከራዩ ስንጥቁን በልስን አስደፈነው፣ ተመልሶ ወጣ፣ እንደገና አስደፈነው። በመጨረሻ ስንሄድ ጣሪያውን በእንጨት ደግፈን፣ ከበሩ በላይ ያለውን ግንብ አውርደን፣ አርማታ ቢም፣ ማለትም ከበሩ በላይ ተጋድሞ ሸክሙን የሚይዝ፣ ሠርተን ነው የተረፈው። መጀመሪያ በደንብ ቢሠራ ከሚያወጡት በላይ አወጡ። ስንጥቅ በልስን የሚደፍን ሰው ሳይ በጣም ነው የምናደደው። ስንጥቅ ቤቱ የሚናገርበት አፉ ነው፣ ያንን ደፍኖ ምን ይገኛል?

ይከፈት ከተባለ የሚከፈትበት መንገድ አለ። ድንጋይ ከመነካቱ በፊት ጣሪያው ከሁለቱም ወገን በፑንቴሎ፣ ማለትም በጊዜያዊ መደገፊያ ቋሚ፣ ይደገፋል፣ ፑንቴሎው ደግሞ ምንጣፍ ላይ ሳይሆን ጠንካራ ወለል ላይ፣ ከሥሩ ጣውላ ተነጥፎለት ይቆማል። ግንቡ በየተራ ይከፈትና ቢሙ ይገባል፣ የአርማታም ሆነ የብረት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ድሮ ሸክሙ በግድግዳው ርዝመት ሁሉ ተበትኖ ነበር የሚወርደው። ቢም ሲገባ ያ ሁሉ ሸክም ተሰብስቦ በቢሙ ሁለት ጫፎች ላይ ብቻ ይወርዳል። ስለዚህ ጫፎቹ የሚያርፉበት ቦታ፣ ከዚያ በታች ያለው ግንብ፣ ከግንቡም በታች ያለው መሠረት መታየት አለበት። ጥሩ ቢም በበሰበሰ ግንብ ላይ ማስቀመጥ ብር መጣል ነው።

ደግሞ የእኛ ብርድ አለ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። አርማታ የታሰበለትን ጥንካሬ ለማግኘት 28 ቀን ይሰጠዋል የሚባለው ብርዱ እንዲህ ሳይከፋ ነው፤ ሲቀዘቅዝ ጥንካሬው ይዘገያል፣ ገና ሳይዝ ውርጭ ከመታው ደግሞ ከነጭራሹ ይበላሻል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ላይ የሠራ ግንበኛ እዚህ መጥቶ በዚያው ሒሳብ መደገፊያውን ቶሎ ሲያወርድ አይቻለሁ። አከራዮች ሆይ፣ ተከራዩ ቸኮለ ብላችሁ ፑንቴሎ አታስወርዱ።

የጭቃ ቤት ነገር ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። እዚያ ሸክሙ ያለው ቋሚውና ምሰሶው ላይ ነው፣ ጭቃው ማልበሻ ነው። "ሳሎኑን ያጠበበው ይሄ ምሰሶ ነው" ብሎ መሀሉን መቁረጥ ግን በየቤቱ የሚታይ ነው። ቆላው ላይ ደግሞ ምስጥ አለ፤ ከላይ ደህና የሚመስለው ቋሚ ከመሬት ሥር ባዶ ሆኖ ይገኛል፣ ስለዚህ አንዱን ቆርጦ በሌላው መተማመን አይቻልም።

"የእኔ ብሎኬት ነው፣ ፎቅ ነው፣ አይመለከተኝም" የሚል አይጠፋም። በደንብ በተሠራ ፎቅ ሸክሙ ከሶሌታ፣ ማለትም ከአርማታው ወለል፣ ወደ ቢም፣ ከቢም ወደ ኮለን፣ ከኮለን ወደ መሠረት ይወርዳል። ስለዚህ መሀል ያለው ብሎኬት ብዙ ጊዜ ሊወጣ ይችላል፣ እሺ። ችግሩ በደንብ የተሠራ የሚለው ነው። ማዕዘኑ ላይ ቀጭን ፌሮ አቁመው ኮለን ያሉት፣ በእውነቱ ግን ጣሪያውን ብሎኬቱ ይዞ የቆመ ቤት በከተማችን ሞልቷል። በመዶሻ ጫፍ አንኳኩቶ "ባዶ ይሰማል፣ ይፍረስ" ማለት ምርመራ አይደለም። ብሎኬት ሁሉም ባዶ ነው የሚሰማው፣ የተሸከመውም ያልተሸከመውም። ኮርኒሱን ከፍቶ ወጥቶ እንጨቱ የት እንዳረፈ ማየት፣ ከላይ ወለል ካለ በዚያው መስመር ሌላ ግድግዳ ቆሞ እንደሆነ ማየት፣ ከሥሩ መሠረት አለው ወይ ብሎ ጥግ ላይ ቆፍሮ ማየት ይሻላል። ይህም የመጀመሪያ ፍንጭ እንጂ የመጨረሻ መልስ አይደለም፤ መልሱን የሚሰጥ መሐንዲስ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያላችሁማ ኮለኑም ሶሌታውም የውጭ ግድግዳውም የጋራ ንብረት ነው፣ ካርታው በስማችሁ ስለሆነ ብቻ የሚነካ አይደለም።

መንገድ ሲሰፋ ፊቱ የተቆረጠ ቤትም አለ። ስለ ካሳው ብዙ ይወራል። ስለቀረው ግማሽ ቤት ማንም አያወራም። ፊቱ ሲቆረጥ መሀል ላይ ክፍል ለመክፈል ብቻ የቆመው 10 ሳንቲ ውፍረት ያለው ብሎኬት በአንድ ቀን የውጭ ግድግዳ ይሆናል፣ ጣሪያም ይጫንበታል፣ ንፋስም ይመታዋል፣ መሠረት ግን የለውም፣ ወለሉ ላይ ነው የተገነባው። ቀለም ይቀቡታል፣ ከመንገድ ሲያዩት ያምራል።

አሁን ወደ መሬት መንቀጥቀጡ ልምጣ። በ2017 ዓ.ም ከመስከረም ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የነበረውን ነውጥ እኛም እዚህ ሰምተነዋል። ታኅሣሥ 26 የነበረው በሬክተር ስኬል 5.8 ነው የተመዘገበው። ያኔ ሰው ብርድ ልብስ ይዞ ሲወጣ ነበር፣ ከዚያ ተረሳ። ታላላቆቻችን ደግሞ የ1953ቱን ያስታውሳሉ፤ እዚሁ ሰሜን ሸዋ ካራቆሬና ማጀቴ አካባቢ ምን ያህል ቤት እንደፈረሰ የነገሩን እነሱ ናቸው። የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው የምንኖረው፣ ይህ የሚቀየር ነገር አይደለም።

መሬት ሲነቀነቅ ቤቱ የሚገፋው ወደ ጎን ነው። በሰላሙ ጊዜ ምንም አልተሸከመም የተባለው ብሎኬት እንኳ ያኔ ፎቁን ከመወላገድ ሊያግዝ ይችላል። ላይኛው ወለል በግድግዳ ተሞልቶ፣ ግራውንዱ ለሱቅ ተብሎ ባዶ ሲደረግ፣ ነውጡ የሚያርፈው በዚያ ባዶ ወለል ኮለኖች ላይ ነው። ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም ቱርክን የመታው 7.8 ነበር፣ በቱርክ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሞቷል። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤት ከቀረቡት መሀል ለንግድ ቤት ሲባል ምድር ላይ ያለውን ኮለን አስቆርጣችኋል ተብለው የተከሰሱ ይገኙበታል። ፎቅ መጨመርም ከዚሁ አይለይም። ሴኡል ውስጥ በ1987 ዓ.ም የተደረመሰው ሳምፑንግ የሚባል የገበያ አዳራሽ መጀመሪያ ለአራት ፎቅ ታስቦ አምስተኛ ተጨመረበት፣ ለተንቀሳቃሽ ደረጃ ቦታ ተብሎም ኮለኖች ተነኩ። 502 ሰው ሞተ። እኛም ዘንድ ለቆርቆሮ ጣሪያ በተሠራ መሠረት ላይ "አንድ እንጨምርበት" የሚል አለ። 20 ሳንቲ ውፍረት ያለው ድፍን ሶሌታ በካሬ ሜትር 5 ኩንታል ይመዝናል፣ ቆርቆሮ ግን ሁለት ሰው ተሸክሞ ያወጣዋል።

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። ገና በ2001 ዓ.ም የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 እንኳ አዲስ መገንባትን ብቻ ሳይሆን ያለውን ማሻሻልን፣ ማፍረስንና አገልግሎት መቀየርንም ፈቃድ ያሻዋል ብሏል። ቤትን ሱቅ ማድረግ አገልግሎት መቀየር ነው። ግን እውነቱን እንነጋገር፤ አንድ በር ለመክፈት ፕላን አሠርታ፣ ማኅተም አስመትታ፣ ተመላልሳ ፈቃድ የምታወጣ ባለጡረታ አላየሁም። የፕላኑ ዋጋ ከበሩ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ ቅዳሜን ትጠብቃለች። ተቆጣጣሪው ሰኞ መጥቶ ቢቀጣት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ቅጣቱ ወደ ገቢ ይሄዳል፣ ግድግዳው ተመልሶ አይቆምም።

የምጠይቀው ይህን ነው። የከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ለትንንሽ ማሻሻያ ለብቻው አጭር መንገድ ያብጅ፤ ባለቤቱ አንድ ቅጽ ይሙላ፣ መሐንዲስ ቤቱ ድረስ መጥቶ ይየው፣ ይፈርሳል አይፈርስም፣ ከፈረሰስ በምን ተደግፎ የሚለውን እዚያው ጽፎ ይስጠው፣ ክፍያውም ባለጡረታ የምትችለው ይሁን። ባለሙያ የለም ከተባለ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አጠገባችን ነው፣ የምሕንድስና መምህራን አሉት፣ ተመራቂ ተማሪዎች አሉት። የማኅበረሰብ አገልግሎት ሲባል ከዚህ የበለጠ ምን አለ? ተማሪው ከመምህሩ ጋር እየዞረ ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ የእውነት ቤት ቢያይ ለራሱም ትምህርት ነው። ተቆጣጣሪውም ቢሆን ቅዳሜ በተራ ይግባ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሚፈርስ ቤት የለም።

ለሥራ ባልደረቦቼ ግንበኞች አንድ ቃል ብቻ። ባለቤቱ "ዝም ብለህ አፍርስ" ሲላችሁ ሥራው ቢቀርም "መጀመሪያ ፑንቴሎ" በሉ። ሲናድ ከሥሩ የምትገኙት እናንተ ናችሁ፣ ደላላው አይደለም።

ዝግጅት ክፍሉ ደግሞ ይህን ደብዳቤ ካወጣችሁት የሚመለከታቸውን መሥሪያ ቤቶች ጠይቃችሁ መልሳቸውን አብራችሁ ብታወጡ ደስ ይለኛል። ክረምት ሳይገባ ቢሆን ይመረጣል።

አንድ ፎርማን፣ ከደብረ ብርሃን