ደብዳቤ ለልጄ፦ የዳኑብን ጉዞ ከፓሳው እንጀምረው

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ

ለውድ ልጄ ለማርታ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔም እናትሽም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሽልን የመርከብ ጉዞ መጽሔት ደርሶናል። እናትሽ ፎቶግራፎቹን ለጎረቤቱ ሁሉ አሳይታለች፤ እኔ ደግሞ ከኋላ ያለውን ካርታና በደቃቅ ፊደል የታተመውን የውል ቃል ይዤ ከርሜያለሁ። የሥራ ዘመኔን ወንዝ ስለካና ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝና፣ ልጄ ዳኑብን ላሳይህ ስትለኝ የተሰማኝን ደስታ በስልክ ልገልጽልሽ አልቻልኩም። አሁንም በደስታው ላይ ብዙ ከምጽፍ ስለ ዝግጅቱ ብጽፍልሽ ይሻላል።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልንገርሽ። አንቺ የመረጥሽው ከቡዳፔስት ተነስቶ፣ ቤልግሬድን አልፎ፣ እስከ ጥቁር ባሕር አካባቢ የሚወርደውን ረጅሙን ጉዞ ነው። እሱ ይቅርና ከጀርመኗ ከተማ ከፓሳው ተነስቶ በቪየናና በብራቲስላቫ በኩል ቡዳፔስት የሚደርሰውን፣ ከዚያም ወደ ፓሳው የሚመለሰውን የአንድ ሳምንት ጉዞ ያዢልን። ፓሳው አንቺ ካለሽበት ከሙኒክ በባቡር ከሁለት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ወጪውም ይቀልልሻል፤ እኔን ወደዚህ ሐሳብ ያመጣኝ ግን ወጪው አይደለም።

አንደኛው ነገር ፓስፖርታችን ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 የኢትዮጵያውያንን የቪዛ አሰጣጥ የሚያጠብቅ ውሳኔ አሳልፏል። በውሳኔው መሠረት ደጋግሞ የሚያስገባ የሼንገን ቪዛ (በመካከላቸው የድንበር ቁጥጥር ያስቀሩት የአውሮፓ አገሮች የሚሰጡት የጋራ ቪዛ) ለእኛ አይሰጥም፤ ማመልከቻ የሚታይበት መደበኛ ጊዜም ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል። ሰርቢያ ደግሞ የሼንገን አባል አይደለችም። መርከቡ ቤልግሬድ ላይ ሲቆም ከሼንገን ወጣን ማለት ነው። ቡልጋሪያና ሩማንያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ሙሉ አባላት ስለሆኑ፣ እነሱ ዘንድ ስንደርስ ሁለተኛ መግቢያ ያስፈልገናል። አብሮን የተሳፈረ ጀርመናዊ ሳያስበው የሚሻገረው ድንበር እኛን መንገድ ላይ ያስቀረናል። ከፓሳው እስከ ቡዳፔስት ያሉት ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስሎቫኪያና ሃንጋሪ ግን ሁሉም ሼንገን ውስጥ ናቸው፤ ሄደን ብንመለስም መግቢያችን አንድ ብቻ ነው።

ማመልከቻውን የምናስገባው ለጀርመን ኤምባሲ ይሆናል። ሕጉ የሚያዝዘው ብዙ ቀን ለሚቆዩበት አገር እንዲያመለክቱ ነው፤ መርከቡ አብዛኛውን ሌሊት ኦስትሪያ ውስጥ ቢያድርም፣ ከጉዞው በፊትና በኋላ አንቺ ዘንድ የምንቆየው ቀን ይበልጣል። ይህ በወረቀቱ ላይ በግልጽ እንዲታይ የእያንዳንዱን ሌሊት ማደሪያ በቀን በቀኑ ጽፈሽ ላኪልኝ። ሙኒክ የሚገኘው የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ቀርበሽ ወጪያችንን እንደምትሸፍኚ የምትፈርሚበትን ሰነድ ዋናውን እንጂ ቅጂውን እንዳትልኪ፤ የሚቀበሉት ዋናውን ነው። የጉዞ ዋስትናው ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሕክምና መሸፈን አለበት። የቪዛው ክፍያ ለአንድ ሰው 90 ዩሮ ነው፤ እሱን ለእኔ ተዪው። የጡረታ ማስረጃችንን፣ የቤቱን ካርታ፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱንና የባንክ መግለጫውን በሕጋዊ ተርጓሚ አስተረጉማለሁ። ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው ስድስት ወር ቀድሞ ጀምሮ ስለሆነ ግንቦት ላይ እናስገባለን። ቪዛው እጃችን ሳይገባ የአውሮፕላን ቲኬት አትግዢ፤ ቦታ ማስያዝ ይበቃል። ለመርከቡ የምትከፍዪው ቀብድም ቪዛ ብንከለከል የሚመለስ መሆኑን ውሉ ላይ አንብበሽ አረጋግጪ።

ሁለተኛው ውሃው ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሺኝ። ሰው የወንዝ መርከብ ሲመርጥ የክፍሉን ስፋትና የገበታውን ዓይነት ያወዳድራል። መርከቡን የሚያሳልፈው ግን ወንዙ ነው። ውሃው ሲጎድል የመርከቡ ሆድ መሬት ይነካል፤ ሲሞላ ደግሞ መርከቡ ከድልድይ ሥር አያልፍም። በሁለቱም ጊዜ ተሳፋሪው ከመርከብ ወርዶ በአውቶቡስ ይጓዛል፣ ወይም ሙሉ ሳምንቱን አንድ ወደብ ላይ ቆሞ ይውላል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 ራይን ወንዝ ላይ ካውብ የተባለችው ከተማ መለኪያ 25 ሴንቲ ሜትር አሳይቶ ነበር። ይህ የወንዙ ጥልቀት አይደለም፤ መርከቦች በሚሄዱበት መስመር ያለው ጥልቀት ከዚያ ቁጥር ከአንድ ሜትር በላይ ይጨምራል። ቢሆንም ለትልልቅ መርከቦች አልበቃም። በ2022 የበጋ ድርቅ ደግሞ ዳኑብ ከመጉደሉ የተነሣ ሰርቢያ ውስጥ ፕራሆቮ አጠገብ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰመጡ የጀርመን መርከቦች አጽም ከውሃው በላይ ወጥቶ ታየ። በሴፕቴምበር 2024 ነገሩ ተገልብጦ በከባድ ዝናብ የተነሣ ኦስትሪያ ውስጥ ዳኑብ ለመርከብ ተዘጋ፤ ተሳፋሪዎች ቪየና ላይ ታግደው ቆዩ።

ፓሳውን የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። ዳኑብ ሲጎድል ፈጥኖ የሚያስቸግረው ከስትራውቢንግ እስከ ፊልስሆፈን ያለው 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ውሃውን የሚይዝ ግድብ የለም። ከኑረምበርግና ከሬገንስቡርግ የሚነሱ መርከቦች በዚያ ማለፍ ግድ ይሆንባቸዋል። ፓሳው ከዚያ በታች ናት። ከእሷ እስከ ቪየና ወንዙ በግድቦች እንደ ደረጃ ተከፋፍሏል፤ በራሱ የሚፈሰው ቫሃው በተባለው ሸለቆና ከቪየና በታች ባለው ክፍል ነው። አደጋው ጨርሶ አይጠፋም፤ ይቀንሳል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቂልኝ፦ ውሃው ቢያግደን ሌላ መርከብ ከማዶ ያዘጋጃሉ ወይስ በአውቶቡስ ያዞሩናል? ገንዘብስ ይመልሳሉ? በመጽሔቱ ውል ላይ መንገዱን የመለወጥ መብት ለራሳቸው ይዘዋል፤ የተመላሽ ነገር ግን አንድም ቃል አላየሁም።

ወሩን በተመለከተ መስከረምን ወስነናል። እናትሽ ጾመ ፍልሰታን ቤቷ ሳትጨርስ፣ ዘመን መለወጫንም ሳትውል አትነሳም። እኔም ደስ ብሎኛል። በግንቦትና በሰኔ የአልፕስ በረዶ ቀልጦ በኢን ወንዝ በኩል ይወርዳል፣ ወንዙ ይሞላል፤ በመስከረም ግን አየሩ ረጋ ይላል፣ በቫሃው ተዳፋት ላይም የወይኑ ለቀማ ይጀመራል። ደመራን ከእናንተ ጋር ሙኒክ እናከብራለን። ያን ሰሞን ከተማችሁ በትልቁ የቢራ በዓላችሁ ምክንያት ስለሚጨናነቅ የባቡር ቲኬቱን አስቀድመሽ ያዢ።

ፓሳው ላይ ከመሳፈራችን በፊት ግማሽ ቀን ስጪኝ። ሦስት ወንዞች የሚገናኙባት ከተማ ናት፤ ዳኑብ፣ ኢንና ኢልዝ። ከበረዶ ተራራ የሚመጣው ኢን ፈዛዛ አረንጓዴ ነው፣ ኢልዝ ደግሞ ረግረግ አቋርጦ ስለሚመጣ ይጠቁራል፤ ከላይ ካለው ምሽግ ሲታዩ ቀለማቸው ሳይዋሐድ ጎን ለጎን ይፈስሳሉ ይላሉ። ኢን በዓመት አማካይ ከራሱ ከዳኑብ የበለጠ ውሃ ያመጣል። በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ የየዘመኑ ጎርፍ የደረሰበት ከፍታ ከነዓመተ ምሕረቱ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. በጁን 2013 ውሃው 12.89 ሜትር ደርሶ ነበር፤ ከ1501 ወዲህ እንዲህ ያለ ጎርፍ ከተማዋ አላየችም። አምስት መቶ ዓመት የዘለቀ መዝገብ በድንጋይ ላይ! እዚያ ግድግዳ ሥር ቆሜ በእጄ ልነካው እፈልጋለሁ።

በመንገዳችን ላይ እስከ ቡዳፔስት አሥራ አንድ ግድቦችን እንሻገራለን። መርከቡ በግድቡ ጎን ወዳለው ረጅም ገንዳ ይገባል፣ በሩ ከኋላው ይዘጋል፣ ውሃው ቀስ እያለ ይለቀቃል፤ መርከቡም አብሮ ወርዶ በታችኛው በር ይወጣል። ብዙ ጊዜ ይህ የሚሆነው ሌሊት ነው። በመስኮቱ በኩል እርጥብ የሲሚንቶ ግድግዳ ብቻ ስለሚታይ እናትሽ እንዳትደነግጥ አስቀድሜ እነግራታለሁ። በዳር ዳሩ ላይ የተተከሉትን የኪሎ ሜትር ሰሌዳዎችም ተመልከቺ፤ የዳኑብ ቁጥር የሚጀምረው ከጥቁር ባሕር አፍ ነው። ፓሳው 2,226 አካባቢ ላይ ናት፣ ቡዳፔስት 1,647 ላይ።

ከሁሉም በላይ የማያመልጠኝ ከብራቲስላቫ በታች ያለው ጋብቺኮቮ የተባለው ግድብ ነው። ቼኮስሎቫኪያና ሃንጋሪ እ.ኤ.አ. በ1977 በጋራ ሊገነቡት ተፈራረሙ፤ ሃንጋሪ በ1989 ሥራዋን አቆመች፤ ቼኮስሎቫኪያ ለሁለት ልትከፈል ጥቂት ወራት ሲቀሯት፣ በኦክቶበር 1992፣ የወንዙን አብዛኛውን ውሃ በራሷ ግዛት ወደተቆፈረ ቦይ አዞረችው። ክርክሩ ሄግ ሄደ። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 25 ቀን 1997 ሁለቱም ወገኖች ግዴታቸውን እንደጣሱ ፈርዶ፣ ተቀምጣችሁ ተደራደሩ አላቸው። ይህን ፍርድ እኔና የሥራ ባልደረቦቼ መሥመር በመሥመር አንብበነዋል፤ ስለ አባይ በተነጋገርን ቁጥር ሲነሣ ኖሯል። የተከራከሩበት ቦይ ላይ በመርከብ ማለፍ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። መርከቡ እዚያ የሚደርስበትን ሰዓት ጠይቂልኝ፤ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ጋቢዬን ደርቤ ከላይ እወጣለሁ።

ሦስተኛው ነገር የእናትሽ ጉልበት ነው፤ ክፍል ስትመርጪ ከዚህ ተነሺ። የታችኛው ፎቅ ርካሽ ነው፤ መስኮቱ ግን ትንሽ ነው፣ አይከፈትም፣ ከውሃው ጋር እኩል ነው። ሊፍትም በብዙዎቹ መርከቦች እስከዚያ አይወርድም፣ ጣሪያው ላይ ወዳለው ሰገነትም አይወጣም። መካከለኛው ፎቅ ይሁንልን፤ ከሞተሩ ራቅ ያለ፣ ማለትም ከኋላ ሳይሆን ከመሐል። አንቺና እናትሽ አንድ ክፍል ያዙ፤ ብቻውን ለሚተኛ ሰው የሚጠየቀውን ጭማሪ እኔ ከቁጠባዬ እከፍላለሁ። ወደብ ላይ ቦታ ሲጠብ መርከቦች ጎን ለጎን ስለሚታሰሩ አንዳንድ ጊዜ በሌላ መርከብ ውስጥ አልፎ መውረድ ይኖራል። እግረ ከባድ ለሆኑ ሰዎች ለብቻ የሚመደብ አስጎብኚ መኖሩንም አረጋግጪ። ሜልክ ገዳም ላይ አውቶቡስ እስከ በሩ ያወጣታል። እ.ኤ.አ. ከ1089 ጀምሮ መነኮሳት ያልተለዩት ቤት ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱን ከምንም በላይ ትወደዋለች። ከሜልክ እስከ ክሬምስ ያለው 36 ኪሎ ሜትር የቫሃው ሸለቆ በቀን ብርሃን የሚታለፍ መሆኑን ከፕሮግራሙ ላይ እዪ፤ በጨለማ የሚያልፉት ከሆነ ሌላ መርከብ ፈልጊ።

ምግቡን በቃል አትተዪው። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ዓሣ እንደማንበላ፣ የአሳማ ሥጋና ስቡ ደግሞ በማንኛውም ቀን እንደማይቀርብልን በጀርመንኛ ጽፈሽ ቀድመሽ ላኪ። ማብሰያ ቤቱ ስንቁን የሚጭነው መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ነው፤ ከተሳፈርን በኋላ ብንናገር ሰላጣና ድንች ብቻ ነው የሚተርፈን።

እናትሽ ከወዲሁ ቅቤ ልታነጥር፣ ቋንጣ ልትሰቅልልሽ አስባለች። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ካለ አገር ሥጋና የወተት ውጤት በሻንጣ ይዞ መግባት እንደሚከለከል ነግሬያት በጣም አዘነች። በርበሬ፣ ሽሮና እስከ ሁለት ኪሎ ማር ይዘን እንመጣለን፤ አንቺም ስትደውዪ አጽናኛት። መርከቡ ውስጥ ዕጣንም ሆነ ምድጃ አይፈቀድም፤ ቡናዋን አንቺ ቤት ታፈላለች። የደም ግፊት መድኃኒቷን ከነማሸጊያውና ከነሐኪሙ ወረቀት በእጅ ቦርሳ እይዛለሁ።

እንግዲህ የሚቀረው የአንቺ ውሳኔ ነው። እስከ ጥር መጨረሻ ቀኑን ቁረጪና ቀብዱን ከመክፈልሽ በፊት ውሉን ላኪልኝ፤ በጀርመንኛም ቢሆን እዚህ የሚያነብልኝ ሰው አለ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንጠብቅሻለን፤ ያኔ ስትደውዪ የመርከቡን ስምና ጋብቺኮቮ የሚደርስበትን ሰዓት ንገሪኝ።

እናትሽ አጥብቃ ትስምሻለች።

አባትሽ