ትንፋሽ የማይታይበት በረዶ፦ የፊልም ክበባችን ዓመት

«ፊልም ለማየት ደግሞ ክበብ ምን ያደርጋል?» የሚሉ ወላጆች አሉ። እዚሁ መምህራን ክፍል ውስጥም ሰምቼዋለሁ። ዘንድሮ መልሱን ልጆቹ ራሳቸው ሰጥተዋል።

አንደኛው ሴሚስተር እንደወትሮው ነበር። ኮሚቴ ተመረጠ፣ ዕቅድ ወጣ፣ አርብ አርብ ተገናኘን። ሀገር ፍቅር ቴአትርንም ጎበኘን። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ ቤት ነው፤ ጎረቤታችን ሆኖ ሳለ ብዙዎቹ ገብተው አያውቁም ነበር።

ታህሳስ ላይ ልጆቹ የገና ፊልም እንይ አሉ። ለቴሌቪዥን የተሠራ የአሜሪካ የፍቅር ፊልም መረጡ። ከቤተሰብ ጋር የሚታይ ጨዋ ፊልም ስለሆነ ፈቀድኩ። ግን አልሆነም። ሥራ የበዛባት የከተማ ሴት ትውልድ መንደሯ ትመለሳለች። የገና ዛፍ ከሚሸጥ ጎረምሳ ጋር ትጣላለች። መጨረሻ ላይ በረዶ ሲወርድ ይሳሳማሉ። ግማሹ ሳይደርስ ከኋላ የተቀመጡት መጨረሻውን ተናገሩት። ልብ ሊሰቀል ሲል ደግሞ ትዕይንቱ ይቆረጣል፤ ለማስታወቂያ እንዲመች ተብሎ ነው እንዲያ የሚጻፈው።

ልንነሣ ስንል አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። ከመስከረም ጀምሮ አንድ ቃል ያልተናገረች ልጅ ናት። «መምህር፣ ያ ሁሉ በረዶ እየወረደ ትንፋሻቸው ለምን አይታይም?»

መልሰን አየነው። እውነቷን ነው። እንዲህ ያሉ ፊልሞች ለበዓሉ እንዲደርሱ ብዙ ጊዜ ካናዳ ውስጥ፣ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ይቀረጻሉ። በረዶው ነጭ ጨርቅ፣ አረፋና የወረቀት ብናኝ ነው። ቀረጻው በሁለት ሦስት ሳምንት ያልቃል። ይህን ስነግራቸው ማስታወሻ ያልያዘ ልጅ አልነበረም።

የራሳችንን የገና ፊልም እንሥራ ያለችውም እሷ ናት። አያቱ ዘንድ የገና ዱላ ሊያስጠርብ ስለሄደ ልጅ ጻፈች። ከበዓሉ በፊት ቅዳሜ ማለዳ ከአራት ኪሎ ታክሲ ይዘን ሽሮ ሜዳ፣ ከዚያም እንጦጦ ወጣን። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ባህር ዛፉ መሐል ስልኳን ደግና «አሁን ተናገሩ! ትንፋሻችሁ እየታየ ነው!» ስትል፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወንዶች ሳይቀሩ ትእዛዟን ይፈጽማሉ። እንባዬ መጣ።

ፊልሙ ለወላጆች ቀን አልደረሰም። ንግግሩን ነፋስ ዋጠው። የተዋስነው ፕሮጀክተርም ለሌላ ጉዳይ ተወሰደ። በሁለተኛው ሴሚስተር መብራት እየጠፋ፣ ትልልቆቹም ለፈተና እየተለዩን ስብሰባው ሳሳ። በጀት ሲደለደል መጨረሻ የምንታወስ መሆናችንም አልረዳንም። ኳስ የሚገዛ ትምህርት ቤት አንድ ማይክ ሊከብደው አይገባም።

የሚያስፈልገን ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክና የራሳችን ፕሮጀክተር ነው። ያገለገለም ቢሆን እንቀበላለን። ቤቱ ያለው ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ መምህራን ክፍል ያግኘኝ። ድምፁን መስከረም ላይ እንደገና ቀድተን፣ በመጪው ገና ዋዜማ አዳራሹ ውስጥ እናሳያችኋለን።