ለልጄ፣ ስለ ቢላው ጉዳይ

ልጄ እንዴት ነሽ፣ ጌራ ብርዱና ዝናቡ እንዴት ይዞሻል፣ እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ እናትሽም ሰላም ብላሻለች። በቴሌግራም የላክሽውን የቢላ ፎቶ አይቼዋለሁ፣ ደውዬ ልነግርሽ ነበር ግን ኔትወርኩ እየተቆራረጠ አስቸገረ፣ ነገሩ ደሞ በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም፣ ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ።

እሱን ጥቁሩን አትግዢው የኔ እናት። ጀርባው ላይ መጋዝ፣ የእጀታው ቂጥ ላይ ኮምፓስ፣ ውስጡ ደሞ ክብሪትና መርፌ መክተቻ ያለው፣ ሲታይ ያምራል። ግን እጀታው ውስጡ ባዶ ከሆነ ብረቱ እጀታው ውስጥ አልገባም ማለት ነው፣ አፉ ላይ በአጭር ብሎን ብቻ ነው የተያዘው፣ እንጨት ላይ ጫን ስትዪው ከዛች ቦታ ይነቀላል ወይ ይሰበራል፣ ያኔ እጅሽ እዛው ላይ ነው ያለው። መጋዙንም እንደ አናጢ ልንገርሽ፣ የመጋዝ ጥርስ አንዱ ወደ ግራ አንዱ ወደ ቀኝ ካልተከፈተ እንጨቱ ውስጥ ይቀረቀራል እንጂ አይቆርጥም፣ የፎቶው ጥርስ ደሞ ሁሉም ቀጥ ያለ ነው። ብሩን ለማይሰራ ጌጥ እንዳታወጪው ብዬ ነው።

መጀመሪያ በቢላው ምን እንደምትሰሪ አስቢ። ያንቺ ዋና ስራ የቡና ችግኝ ነው። ከመትከልሽ በፊት የፕላስቲኩን ቂጥ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ከታች ትቆርጪዋለሽ አይደል፣ የተጠማዘዘው የስር ጫፍ አብሮ እንዲወጣ፣ ከዛ ጎኑን ከላይ እስከታች ሰንጥቀሽ ትገፊዋለሽ። ይሄን የሚሰራው ትንሽና በጣም የተሳለ ቢላ ነው፣ የደነዘ ከሆነ ፕላስቲኩን ይጎትተውና አፈሩ ይፈርሳል፣ ስሩም ይበጣጠሳል። ከዛ ውጪ ገመድ፣ ጆንያ፣ ማታ ደሞ ሽንኩርትና አቮካዶ። ለዚህ ሁሉ ስለቱ ከ8 እስከ 10 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር የሆነ ይበቃል። ቁጥቋጦ መመንጠር ካለ ለሱ ገጀራ አለ፣ አንድ ቢላ ሁሉንም ይስራ ካልሽ አንዱንም በደንብ አይሰራልሽም።

ሰንጢ ይሻላል ወይ ብለሽኛል፣ ለኪስ ይመቻል ግን ላንቺ አልመርጠውም። ጭቃና ማር መታጠፊያው ውስጥ ገብቶ ይደርቃል፣ ጌራ ደሞ የማር አገር ነው። የግድ ሰንጢ ካልሽ ሲከፈት የሚቆለፍ ይሁን፣ አለበለዚያ ስትጫኚው ጣትሽ ላይ ይታጠፋል። ስዊዞቹ ቪክቶሪኖክስ ጥሩ ስራ ናቸው ግን ትንንሾቹ አብዛኞቹ አይቆለፉም፣ ስሙን አስመስለው የሚሰሩም ስላሉ ተጠንቀቂ። የፈረንሳዩ ኦፒኔል ከ1955 ጀምሮ የሚዞር ቀለበት መቆለፊያ አለው፣ ዋጋውም ደህና ነው፣ ነገር ግን እጀታው እንጨት ስለሆነ ዝናብ ሲነካው ያብጥና ለመክፈት ያስቸግራል። አጎትሽ ከውጭ ሲመጣ ምን ላምጣ ካለሽ ሞራ የሚባለውን የስዊድኑን በዪው፣ አይዝጌውን፣ ፕላስቲክ እጀታና ፕላስቲክ አፎት ያለውን፣ እዛ ርካሽ ከሚባሉት ነው ግን ስራው አስተማማኝ ነው።

እስከዛው ከገበያ የምትገዢ ከሆነ ብረቱን እይ። ቀጥቃጮቹ ከመኪና ባሌስትራ የሚሰሩት ጠንካራ ነው፣ በደንብ ይሳላል፣ እኔ ወርክሾፕ የምሰራው በሱ ነው። ግን ይዝጋል፣ ሎሚና ቲማቲም ያጠቁረዋል፣ ጌራ ዝናብ ላይ እርጥብ እንደሆነ አፎቱ ውስጥ ካደረ ጠዋት ቀይ ሆኖ ታገኚዋለሽ። ላንቺ አይዝጌ ይሻላል፣ ቢያንስ 10.5 ፐርሰንት ክሮሚየም ስላለበት ዝገቱን ይቋቋማል፣ እሱም ቢሆን ታጥቦ ይጥረግ፣ ቆዳ አፎት ውስጥ አይደር።

ሻጩ ጠንካራ ነው ቢልሽ እንዲሁ አትመኚ፣ ትንሽ ሞረድ ይዘሽ ሂጂና አስፈቅደሽ ስለቱን ቂጡ አካባቢ በቀስታ ነካ አድርጊው። ሞረዱ ሚስማር ላይ እንደሚነክሰው ከነከሰው ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ዛሬ ስለሽው ነገ ይደነዝዛል። ሸርተት ካለ ሙቀት በደንብ ገብቶበታል፣ ጠንካራ ነው ማለት ነው። ከዛ ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው መሄዱን እይ፣ በሁለት እጅ ይዘሽ ወዝወዝ አድርጊው፣ ስለቱንም ወደ ብርሃን ይዘሽ በአንድ አይንሽ ተመልከቺው፣ የተጣመመ ከሆነ ተይው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ለዚህ ብዬ ነው ይሄን ሁሉ የጻፍኩት። ከቢላው ዋጋ ይልቅ ለመሳያ ድንጋዩ አስቢ። ራስሽ መሳል የምትችዪው ርካሽ ቢላ፣ ከደነዘ ውድ ቢላ ይሻላል፣ የደነዘ ደሞ ጉልበት ስለሚጠይቅ ያመልጥና እጅ ይቆርጣል። ድንጋዩን ውሃ አጠጪው፣ ቢላውን መጀመሪያ ቀጥ አድርገሽ አቁሚ፣ ግማሽ አዘንብዪው፣ ከዛ እንደገና ግማሽ፣ ወደ 20 ዲግሪ የሚጠጋው እሱ ነው። በሻካራው ፊት አንዱን ጎን ብቻ ሳዪ፣ በሌላኛው ጎን ከስለቱ ወደ ውጪ በአውራ ጣትሽ ስትዳብሺው ሻከር የሚል ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ እስኪሰማሽ ድረስ፣ እዛ ሳትደርሺ አታገላብጪ። ከዛ ሌላኛውን ጎን እንደዛው፣ መጨረሻ ላይ በለስላሳው ፊት እያፈራረቅሽ በቀስታ። ድንጋይ ከሌለ የሲኒ ቂጥ ላይ ያለው ያልተቀባው ሻካራ ቀለበት በደንብ ይስላል፣ ሞክሪው። ግራይንደር ላይ የሚስሉት ጋር ግን አትውሰጂው፣ ብረቱ ግሎ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄደ ማለት ነው፣ በመሳል ተመልሶ አይመጣም።

ስትቆርጪ ጉልበትሽ ላይ አስደግፈሽ አይሁን፣ ስለቱ ሁሌ ከሰውነትሽ ወደ ውጪ ይሂድ። ጅማ ስትመጪ ቢላውን ቤት ትተሽው ነይ፣ ፍተሻ ላይ ይወስዱብሻል፣ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ከሄድሽም በእጅ ቦርሳ አይፈቀድም፣ በሚጫነው ሻንጣ ብቻ ነው።

ድንጋዩን አትግዢ፣ ሁለት ፊት ያለው አንድ ትርፍ ስላለኝ ወደ ጭራ ከተማ በሚመጣው መኪና እልክልሻለሁ፣ እናትሽ ቆሎም ጨምራበታለች። የምትመርጪውን ቢላ ብር ከመክፈልሽ በፊት ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ እጀታው ከብረቱ ጋር የሚገናኝበትን ቦታ ቀረብ አድርገሽ አንሺው።

አባትሽ፣ ከጅማ