ልጄ ሆይ፣ ስለ ድካምሽ እናውራ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብረ ብርሃን ውርጩ ጀምሯል፤ እናትሽ ጠዋት ጠዋት ጋቢዋን ሳትደርብ ከቤት አትወጣም። አንቺ እዚያ ሸዋሮቢት በሙቀቱ ስትማረሪ እኛ እዚህ ፀሐይ እንለምናለን።

ባለፈው በስልክ ያልሽኝ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። «አባዬ፣ ካርድ ክፍል ገብቼ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይደክመኛል። የተሸከምኩት ከባድ ነገር የለም። እንዲያው ቀን እየገፋሁ ነው» አልሽኝ። ሰነፍኩ ብለሽ ራስሽን ስትወቅሺም ሰማሁ። እኔ ስንፍና አይመስለኝም። ዕድሜዬን በፋብሪካ የሠራተኛ አስተዳደር ክፍል ነው የጨረስኩት፤ ይህን ድካም በብዙ ሰው ላይ አይቼዋለሁ።

ፈትል ክፍል አንዲት ሠራተኛ ነበረች። ክር ሲበጠስ ሌላው የቱ ጋ እንደሆነ ሲፈልግ እሷ ቀጥላ ጨርሳለች። አንድ ሰሞን ምርቷ ወረደ። የሕመም ፈቃድ አበዛች፤ ዛሬ ራሴን፣ ነገ ወገቤን። ሐኪሙ ይህ ነው የሚባል በሽታ አላገኘባትም። ጠርቼ አነጋገርኳት። ለካ ከለመደችው ማሽን ማንም ሳያማክራት አዛውረዋታል፤ እሷ ያሠለጠነቻቸው ልጆችም አለቃ ሆነውባታል። «የተበጠሰውን ክር አየዋለሁ፤ እጄ ግን እሺ አይለኝም» አለችኝ። ከክፍሉ ኃላፊ ጋር ተነጋግረን አዲስ ገቢዎችን እንድታሠለጥን አደረግን። ደመወዟ ላይ አንድ ብር አልተጨመረም። ውሎ አድሮ ግን ምርቱም ተመለሰ፣ ራስ ምታቱም ተዋት።

ሥራውን የጠላ ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንዱ የተቀጠረበት ነው። ሌላው ራሱን እየጎተተ ወንበሩ ላይ ማስቀመጥ ነው፤ ጉልበት የሚጨርሰውም ይኸኛው ነው። ልቡ ሌላ ቦታ ስለሆነ ይሳሳታል። የተሳሳተውን እንደገና ይሠራል። እንደገና ሲሠራ ይበልጥ ይማረራል። አንቺም ካርድ ያለ ቦታው ከተሰካ በኋላ እሱን ፍለጋ የምታባክኚውን ጊዜ ታውቂዋለሽ።

ደመወዙ ትንሽ ነው ብለሻል። እውነትሽን ነው፤ በዚህ ኑሮ ማን ይበቃዋል? ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ወደ 200 የሚሆኑ መሐንዲሶችንና የሂሳብ ሠራተኞችን ጠይቆ ውጤቱን በ1959 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። ሰዎቹ በሥራቸው የተማረሩበትን ጊዜ ሲያወሩ በብዛት ያነሱት የመሥሪያ ቤቱን አሠራር፣ አለቃውን፣ ክፍያውን ነው። ደስ ያላቸውን ጊዜ ሲያወሩ ደግሞ ሠርተው ያሳኩትን፣ የተመሰገኑበትን፣ ሥራውን ራሱን አነሱ። እኔም በሥራ ዘመኔ ያየሁት ይህንኑ ነው። ደመወዝ ሲጨመር ማጉረምረሙ ለጊዜው ይቀንሳል፤ ጠዋት በደስታ የሚያስነሳው ግን ሌላ ነው።

ይህ ሌላው ነገር ምን እንደሆነ ያሳየኝ አዳም ግራንት የተባለ ተመራማሪ ነው። ጥናቱ የወጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎች ነፃ የትምህርት ዕድል ገንዘብ በስልክ የሚለምኑ ሠራተኞች ነበሩ። ሥራው አሰልቺ ነው፤ አብዛኛው ሰው እምቢ ይላል። ከእነሱ የተወሰኑትን በዚያ ገንዘብ ከተማረ አንድ ተማሪ ጋር ለ5 ደቂቃ ያህል አገናኟቸው። ከወር በኋላ በስልክ ላይ የሚያሳልፉት ጊዜም፣ የሚሰበስቡት ገንዘብም ከእጥፍ በላይ ሆነ። ስልኩ ያው ነው፣ ክፍያውም ያው ነው። ልፋታቸው ማን ጋ እንደሚደርስ ግን በዓይናቸው አዩ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ?

አንቺ ግን ያን ሰው አታዪውም። በመስኮቱ ቁጥር ይሰጡሻል፣ ካርድ ታወጪያለሽ፣ ካርዱ ይሄዳል። ከቀወት ገጠር ልጇን አዝላ በሌሊት የተነሳች እናት አለች እንበል። ካርዱ ቶሎ ከተገኘ ሐኪሙ ልጁ ባለፈው ምን መድኃኒት እንደወሰደ አይቶ ከዚያ ይቀጥላል። ከጠፋ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ እናትየውም ምናልባት ወደ አገሯ የሚመልሳት መኪና ያመልጣታል። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ካርዱን ራስሽ ወደ ተመላላሽ ክፍል አድርሺ። ማን እንደሚቀበለው እዪ።

እንዲህ ስልሽ ግን ጥፋቱ ሁሉ ያንቺ አመለካከት ነው እያልኩ አይደለም። «ሥራችሁን ውደዱ» እያሉ ሰውን ያለ ዕረፍት የሚያሠሩ አለቆች አውቃለሁ፤ በጣም ያናድዱኛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በሥራ ጫና ተሟጦ ማለቅን ከሥራ ጋር የተያያዘ ችግር አድርጎ በበሽታዎች መዝገቡ አስፍሮታል። ምንጩን ሲገልጽ በወጉ ያልተያዘ የቆየ የሥራ ውጥረት ነው ይላል። ምልክቶቹም የጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና የውጤት መቀነስ ናቸው። ሦስቱንም በስልክ ነግረሽኛል፤ ለዚህ ነው የደነገጥኩት።

ስለዚህ የጓደኛሽን ተረኛነት ደርበሽ መሥራቱን አቁሚ። የዓመት ፈቃድሽን አታስተላልፊ፤ ጠይቀሽ ውሰጂና ቤትሽ መጥተሽ ተኚ። ኃላፊሽንም ሰኞ ዕለት ረጋ ብለሽ አነጋግሪያት። የካርዱን አደራደር ለማስተካከል ያሰብሽውን ነገር ለእኔ እንደነገርሽኝ ለእሷም ንገሪያት፤ በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ስታወሪልኝ ድምፅሽ ራሱ ተለውጦ ነበር። እምቢ ካለችሽ ደውይልኝ፣ ማመልከቻውን አብረን እንጽፈዋለን።

እናትሽ በሶና ቆሎ ልካልሻለች። ሐሙስ ከሰዓት መናኸሪያ ሄደሽ ተቀበይ፤ የሾፌሩን ስልክ በቴሌግራም እልክልሻለሁ።

አባትሽ
ከደብረ ብርሃን